ያልጠየቅኳቸው ሸማኔ

ኢሜይሉ ሲመጣ ሥራ ላይ ነበርኩ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የጥርስ ሐኪም ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ስልክ አነሳለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ የኢንሹራንስ ካርድ ኮፒ አደርጋለሁ። አንዱን ስልክ ዘግቼ ሌላውን ሳላነሳ «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ርዕስ ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ አለ። በየሰፈሩ ሰው የሚሰበሰብበት የፈጠራ ሥራ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ትንንሽ ድጋፍ የሚሰጥ አንድ ፋውንዴሽን ማመልከቻዬን ተቀብሎታል። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር። እኔ ግን ገጹን ቶሎ ዘጋሁት፤ ማመልከቻው ላይ ዋሽቼ ነበር።

ውሸቱ አንዲት ቃል ናት። ፎርሙ «ሥራውን የሚያሳየው ባለሙያ ለመሳተፍ ተስማምቷል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» አለ። ጊዜው ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ በምሳ ሰዓቴ፣ በአንድ እጄ ሳንድዊች ይዤ «አዎ» የሚለውን ነካሁ። በኋላ እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ነው። ከዚያ ደግሞ፣ መቼም አይሰጡኝም፣ ምን ያስቸኩለኛል አልኩና ተውኩት። ባለሙያ ብዬ የጻፍኳቸው ሽማግሌ ስለ ነገሩ ምንም አያውቁም። እኔም ያየኋቸው ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ለጥርሳቸው ሲመጡ።

የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ ከልጃቸው ጋር ነው። ድልድይ ተሻግረው እኛ ዘንድ የሚመጡት ሐኪሙ አማርኛ ስለሚናገር ነው። ልጃቸው ነርስ ናት፤ በር ላይ ታደርሳቸውና ሲጨርሱ መጥታ ትወስዳቸዋለች። በብርዱ ወራት አንድ ጠዋት የቢሮው ማሞቂያ ተበላሽቶ ነጠላ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ነበር። ወረቀት እያስፈረምኳቸው ሳለ ብዕሩን አስቀመጡና የነጠላዬን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው አሸት አሸት አደረጉት።

«ይቅርታ ልጄ» አሉኝ። «ይሄን የሠራው ሰው ቸኩሎ ነበር።»

«እንዴት አወቁ?»

«ማጉ እዚህ ጋ ላላ ብሏል፣ እዚህ ደግሞ ጠብቋል። ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል፣ ወይ በዓል ደርሶበታል።»

እኔ ሳቅኩ፤ እሳቸው አልሳቁም። ሐኪሙ እስኪጠራቸው ድረስ ጥቂት አወሩኝ። ከጋሞ ደጋ በልጅነታቸው አዲስ አበባ መጥተው ሽሮ ሜዳ ሲሸምኑ ኖረዋል። አሜሪካ ከመጡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ትኬት ይቀበሉ ነበር። «ቴሌቪዥን ሳይ እግሬ ይረግጣል» አሉኝ። «ሳላውቀው። ልጄ ‹አባዬ፣ እግርህን ምን ነካው?› ትለኛለች። ልማድ ነው እላታለሁ።»

ያቺን ቃላቸውን ይዤ ቤቴ ሄድኩ። ሳምንት ሳይሞላ ላይብረሪ ውስጥ የፋውንዴሽኑን ማስታወቂያ አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቀጠሮ ስይዝ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የራሴ የምለው ሐሳብ ሲመጣልኝ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ሽማግሌው ሰው ፊት ሲሸምኑ፣ ፈረንጁም አበሻውም ከቦ ሲያይ፣ ልጆች ክሩን ሲነኩ ታየኝ። ጻፍኩት። የእግራቸውን ነገር ሳይቀር ጻፍኩት።

ኢሜይሉ በደረሰኝ ሳምንት ቅዳሜ አድራሻቸውን ከቢሮው መዝገብ ይዤ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳሁ። ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ የምለውን እየደጋገምኩ ሳጠና መውጫዬን አልፌ ሄድኩ። አፓርታማቸው ረጅም ሕንፃ ውስጥ ነው። በሩን ልጃቸው ከፈተችልኝ፤ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ከሥራ መግባቷ የሚመስል የደከማት ሴት። ሽማግሌው ሲያዩኝ ጥርሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ምነው፣ ቀጠሮ አምልጦኝ ነው?» አሉ።

የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ የፋውንዴሽኑንም ወረቀት ሰጠኋቸው። ማመልከት አስቤያለሁ አላልኩም፤ ተፈቅዶልናል አልኩ። መቼ እንደጻፍኩት ግን አልተናገርኩም። እሳቸው እየሰሙኝ ቀስ ብለው ተነሡና ቆሙ።

«እንግዲህ ዕቃ የለኝም» አሉ። «ግን እሠራዋለሁ። እንጨት እዚህ አገር ሞልቷል።»

«እሺ ማለትዎ ነው?»

«እሺ ነው እንጂ! ምን እላለሁ ሌላ?»

ስወጣ ልጃቸው ሊፍቱ ድረስ ሸኘችኝ፣ ስልክ ቁጥሬን ጠይቃ ጻፈችና ተመለሰች። ነገሩን እንዳልወደደችው ልቤ ያኔውኑ ነግሮኛል።

ሰኞ በሥራ ሰዓት ደወለች። የሐኪሙ መሣሪያ ከወዲያ እየጮኸ ስልኩን ይዤ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባሁ።

«አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው አባቴን አደባባይ የምታወጪው?» አለችኝ።

«እህቴ፣ እኔ እኮ ክብር ነው ብዬ…»

«የምን ክብር! እኔ ትምህርት ቤት የሸማኔ ልጅ ነሽ ተብዬ፣ ‹ቁጢት በጣሽ› እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ሊወስደኝ በር ላይ ሲቆም ጓደኞቼን ዘበኛችን ነው እላቸው ነበር። አባቴን! ገባሽ?»

በአባት ሥራ የሚሰደብ ልጅ እኔም ትምህርት ቤት አውቅ ነበር፤ ከሰዳቢዎቹ ጋር ባልጮህም አብሬ ስቄ አውቃለሁ።

«ባሌ ያውቃል» ብላ ቀጠለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «እናቱ ግን አታውቅም። የጨርቅ ነጋዴ ነበር ነው ያልናት። ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ የማታውቀው ሰው የለም።»

«በቃ፣ እሰርዘዋለሁ። ዛሬውኑ እደውልላቸዋለሁ።»

«አሁን ብትሰርዢው እኔ እንዳሰረዝኩሽ አባቴ ያውቃል። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ በየቀኑ ጢሙን ይላጫል። ትናንት በአውቶብስ ሄዶ ገመድና የመጥረጊያ እንጨት ገዝቶ መጣ። ምን አድርጌ ነው አሁን ተው የምለው?»

በመጨረሻ ውል ገባን። ስማቸው አይጻፍም። ፎቶ አይነሡም። በአማርኛ ማስታወቂያ አይወጣም፣ ፌስቡክ ላይ አይለጠፍም። ሁሉንም እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የፋውንዴሽኑ ደብዳቤ ትዝ ያለኝ። ዝግጅቱ ለሕዝብ በሰፊው እንዲነገር፣ ሪፖርቱም የባለሙያውን ፎቶ እንዲይዝ ያዝዛል። እሱንም ፈርሜበታለሁ። አንዱን ቃል ካከበርኩ ሌላውን ማፍረሴ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ማን እንደሆነ ነው፤ እሷ ካልሆነች ተመስገን፣ ፋውንዴሽኑ ካልሆነ ተመስገን።

ሽማግሌው ግን ከእኔ ጭንቀት ጋር ጉዳይ አልነበራቸውም። ድር ማድራት ረጅም ቦታ ይፈልጋል፤ ክሩ ከጫፍ ጫፍ እየተመላለሰ መዘርጋት አለበት። እሳቸው የሕንፃውን ኮሪደር መረጡ። ክሩን ከበራቸው እጀታ ጀምረው እስከ ደረጃው በር ድረስ ወጥረው፣ ጎረቤት በወጣ በገባ ቁጥር «ኤክስኪዩዝ ሚ» እያሉ ከፍ ዝቅ ያደርጉት ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ መጣ፤ እሳት ቢነሳ መውጫ ነውና ይነሳ የሚል። ልጃቸው የደብዳቤውን ፎቶ ያለ አንዲት ቃል ላከችልኝ። እኔ ይቅርታ፣ ይቅርታ ብዬ ጻፍኩላት። ክሩን ጠቅልለው ሳሎን አስገቡትና በሶፋውና በማቀዝቀዣው መሐል ጨረሱት።

ቀጥሎ ደግሞ ጉድጓዱ መጣ። የእኛ አገር ሸማኔ መሬት ላይ ተቀምጦ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ነው የሚረግጠው። እኔ ይህን አላሰብኩም። ዝግጅቱን የማደርገው በማመልክበት ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ የእኛ የአማርኛ ጉባኤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአንድ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን እሑድ ከሰዓት አዳራሽ ይከራያል። ከበስተኋላው ሣር አለ። ባለቤቶቹን ትንሽ ጉድጓድ ልቆፍር ብዬ ብጠይቃቸው ከሥሩ የጋዝ መስመር እንዳለ ነግረው ከለከሉኝ። ዝግጅቱ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አዳራሹን በነፃ ፈቀዱልኝ፤ አዳራሹ ግን ሲሚንቶ ነው።

ሽማግሌውን ቦታውን እንዲያዩ አመጣኋቸው። አዳራሹን ዞር ዞር ብለው አዩና መዘምራን የሚቆሙባቸው የእንጨት ደረጃዎች ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«እነዚህን ሁለቱን ብናራርቃቸው» አሉ፣ «እኔ አንዱ ላይ እቀመጣለሁ፣ እግሬ በመሐል ይወርዳል። ጉድጓድ እኮ ማለት እግር የሚገባበት ነው።»

ደረጃዎቹን ገፋናቸው። ተቀመጡና እግራቸውን አወዛወዙ። ፊታቸው ሲፈታ ሳይ፣ አንድ ነገር ገፋፋኝና ተናገርኩ። ከመጠየቄ በፊት እንደጻፍኩ፣ ተስማምተዋል ብዬ እንደዋሸሁ፣ ስለ እግራቸው የነገሩኝን ሁሉ ለማላውቃቸው ሰዎች እንዳወራሁ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ማየት ፈርቼ የምናገረው ለደረጃው ነበር።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ያመጣሽልኝን ወረቀት ልጄ አነበበችልኝ። ያመለከትሽበትን ቀን አየችው።»

«ታዲያ ለምን እሺ አሉኝ?»

«ስለምፈልግ ነዋ!» እንደ ሞኝ አዩኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እሷን ግን አትቀየሚያት» አሉ። «የጨርቅ ነጋዴ ነው ብለውኝ የለ? ሰርጉ ላይ የባልየው አጎት አጠገቤ ተቀምጦ ያኔ አቡጀዲ በሜትር ስንት ነበር ይለኛል። ላብ አጠመቀኝ። መጸዳጃ ቤት ልሂድ ብዬ ሸሸሁ። ለእሷ ስል ነው፤ ግን ደክሞኛል፣ ልጄ።»

በማግሥቱ ለፋውንዴሽኑ ሴት ደወልኩ። ድምፅዋ እርጋታ ያለው አሜሪካዊት ናት። ሁሉንም ነገርኳት፤ «አዎ» ያልኩትን፣ ፎቶ አይነሡም ብዬ ቃል የገባሁትን። ገንዘቡን መልሺ ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«በሰዓቱ ደውለሽልን ቢሆን የአንድ ወር ጊዜ እንጨምርልሽ ነበር» አለችኝ። «ሁለተኛ እንዲህ አታድርጊ። ፎቶውን በተመለከተ፣ እጆቻቸውን ብቻ አንሺ።»

ያን ሁሉ ሳምንት ስሸሸው የነበረው ነገር በአምስት ደቂቃ ስልክ አለቀ። ግን ደስታው እምብዛም አልቆየም፤ የዝግጅቱ ቅዳሜ ገና ነበረቻ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው ያልነው። ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ወንበር እየደረደርኩ ነበር። የመዘምራኑ ኃላፊ ደረጃዎቹ እንዳይጫሩ ብሎ ምንጣፍ ይዞ መጣ። ማስታወቂያውን በእንግሊዝኛ ብቻ ላይብረሪ ለጥፌ ስለነበር ሰው አይመጣም ብዬ ነበር፤ ግን የእኛ ሰው ሲሰማ እንዴት እንደሚሰማ አይታወቅም። የጉባኤው እናቶች ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። ከሮክቪል የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። የሰፈሩ አሜሪካኖች ልጆቻቸውን ይዘው ገቡ። የፋውንዴሽኗ ሴት ከኋላ ተቀመጠች። አራት ሰዓት ሆነ። ሽማግሌው የሉም።

ደወልኩ፣ አይነሳም። አራት ሰዓት ከሩብ። ሰዎች ሰው ያልተቀመጠበትን የሽመና ዕቃ እያዩ ያወራሉ፤ ሦስት ቀን ቀደም ብለው መጥተው ወጥረውት የሄዱት ድር ብቻውን ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። አራት ተኩል። አንዲት እናት «ልጄ፣ ዛሬ ነው ያልሽው?» አለችኝ። አዎ አልኳትና እንደገና ደወልኩ። ምን ብዬ ሰውን እንደማሰናብት እያሰብኩ ሳለ በሩ ተከፈተና ሽማግሌው ብቻቸውን ገቡ። ሱፍ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል።

«መንገድ ዳር ቆመን ነበር» አሉኝ በጆሮዬ። «ስታለቅስ መንዳት አትችልም አልኳት።»

ሌላ አላሉም። ኮታቸውን አውልቀው ሰጡኝ፣ ከረባታቸውን ወደ ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱ፣ ጫማቸውን አወለቁ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን አወረዱና ጀመሩ።

መጀመሪያ ላይ አንድ ክር ተበጠሰ። ክሩን ፈልገው አገኙት፣ በምራቃቸው አርሰው ቋጠሩትና እንደገና ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ መወርወሪያው ከግራ ቀኝ መመላለስ ጀመረ፤ ማጉን የሚመቱበት ድምፅ እየተስተካከለ ሄደ። ልጆቹ ከወንበር እየወረዱ መሬት ላይ ተቀመጡ።

እኔ ግን ሥራውን አላየሁትም። በወንበሮቹ መሐል ጎንበስ ብዬ እየዞርኩ ስልክ የሚያነሳውን ሁሉ «እባክዎን፣ አይቅረጹ፣ እጃቸውን ብቻ» እል ነበር። እንዲህ ስዞር ከመሐል አንድ አዛውንት ለጎረቤታቸው «ሸማኔ ነው እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። ቀስ ብለው ያሉት መስሏቸው ነበር፤ ግን አዳራሹ ያስተጋባል። ባለህበት እርጋ እንደተባለ ሰው ደርቄ ቀረሁ።

መወርወሪያው ቆመ። ሽማግሌው ቀና አሉ።

«አዎን፣ ሸማኔ ነኝ» አሉ። «እርስዎስ ምን ይሠሩ ነበር?»

ሰውዬው ተደናገጡ። «እኔ… ንብረት ክፍል ነበርኩ፣ መሥሪያ ቤት።»

«መልካም ሥራ ነው» አሉና መልሰው ወረወሩ። አንዲት እናት ሳቋ አመለጣት። ሰውዬውም ራሳቸው ፈገግ አሉ መሰለኝ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ወደ ፓርኪንጉ ወጣሁ። ልጃቸው መኪናው ውስጥ መሪውን እንደያዘች ተቀምጣለች። ስታየኝ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ሰው አለ?»

«ሞልቷል።»

«እሷ አለች?» አማቷን ማለቷ ነው።

«አላውቃትም እኮ።»

ድምፁ በክፍቱ በር እስከ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር። ጥቂት አብረን አዳመጥን። «ሕፃን ሆኜ በዚህ ድምፅ ነበር የምተኛው» አለችኝና መስኮቱን ዘጋች። በኋላ ዝግጅቱ ሊያልቅ ሲል ዞር ብል ኮት ከሚሰቀልበት ጋ፣ ከኮቶቹ ኋላ ቆማ አየኋት። መቼ እንደገባች አላውቅም። እሷም እንዳየኋት አላወቀችም፤ እኔም ፊቴን መለስኩ።

ማመልከቻው ላይ አንድ ሙሉ ነጠላ ተሠርቶ ላይብረሪ ይሰቀላል ብዬ ነበር። ሲያበቃ የተሠራው ሦስት ስንዝር ያህል ነው። ሽማግሌው ቆርጠው ጠቀለሉትና ብብታቸው ሥር ያዙት፤ የት እንደሚወስዱት ማንም አልጠየቃቸውም። ሪፖርቱ ላይ እንደዚያው ጻፍኩት፤ የእጃቸውን ሁለት ፎቶ ጨምሬ።

ሰኞ ጠዋት ግን አንዲት ታካሚ ስልኳን ወደ እኔ ዘርግታ «ይሄ እናንተ ቸርች አይደለም?» አለችኝ። ቪዲዮ ነው። ከኋላ የተቀረጸ፣ አጭር፣ ግን ፊታቸው በደንብ ይታያል። «አዎን፣ ሸማኔ ነኝ» ሲሉ ይሰማል። ማን እንደቀረጸው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ለልጃቸው ልደውል ስልኩን አንስቼ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ማታ ከእሷ አንድ መልእክት መጣ። «አይታዋለች» ይላል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከባዶቹ ነበሩ። ይቅርታ ጻፍኩላት፤ አልመለሰችም። ሽማግሌው ቀጠሮ ነበራቸው፤ አልመጡም። ሐኪሙ «እኚያ አባት ምን ሆኑ?» ሲለኝ አላውቅም አልኩት። ለአንድ ሐሳብ ብዬ የሰው ትዳር አፈረስኩ እያልኩ ራሴን እበላለሁ። ባለቤቴ «አንቺ አልቀረጽሽ፣ አንቺ አልለጠፍሽ» ቢለኝም አልተጽናናሁም፤ ሰውየውን ከቤታቸው ያወጣኋቸው እኔ ነኛ።

ወር ገደማ ሲሆነው ደወለች።

«አማቴ ስልክ አታነሳም ነበር» አለችኝ። «የልጄ ልደት ላይ አልመጣችም። ባሌ ሄዶ ለምኗታል፣ ተቆጥቷታልም። ትናንት ራሷ መጣች።»

«ምን አለች?»

«ሰላም አለች፣ ተቀመጠች፣ ሻይ ጠጣች። አባቴ ወጣ ብሎ ነበር። ሲገባ አየችውና ‹እዚህ የሚሸጡት ጋቢ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ይላላል፤ እርስዎ ቢሠሩልኝ› አለችው።»

«እና?»

«በቃ። ይቅርታ አልጠየቀችም። ጋቢ አዘዘች።» ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ድምፅ አወጣች። «እሱ ደግሞ እሺ አላት! አሁን ሳሎኔ መሐል የሽመና ዕቃ ቆሟል። ሶፋዬን ሸጬ ላውጣው ነው?»

ይቅርታ ልላት ስል አቋረጠችኝ።

«አልተቀየምኩሽም አልልሽም» አለች። «ገና ነኝ። ግን የጥርሱን ቀጠሮ ልያዝለት ነው የደወልኩት።»

የሐሙስ ጠዋት ባዶ ነበር፤ ያዝኩላቸው። መጥተው ወረቀቱን ሲፈርሙ ስለ ጋቢው ብቻ አወሩኝ፤ ክሩ እንደ አገር ቤቱ እንዳልሆነ፣ ሴትየዋም ሰፋ ይበልልኝ እያሉ እንዳስቸገሯቸው። ልጃቸው ልትወስዳቸው ስትመጣ እስከዚያ ቀን እንደምታደርገው በር ላይ አልቀረችም። ገብታ ቆመች፣ በእንግሊዝኛ ሰላም አለችኝ፣ የአባቷን ኮት ያዘችላቸውና ወጡ።